አንድ ሰው አራት ፒያኖ እንዴት ይጫወታል?

የሙዚቃ ደራሲው ጁሊየስ ኢስትማን «ጌይ ጌሪላ» («የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሽምቅ ተዋጊ» እንደማለት፤ 1979 እ.ኤ.አ.) ብዙውን ጊዜ በአራት ፒያኖ ነው የሚቀርበው። ታዲያ መድረክ ላይ አንድ ፒያኒስት ብቻ ሲቀመጥ ማጭበርበር ነው? አይደለም። ሦስቱን ቀድሞ ይቀዳቸዋል፤ በድምፅ ማጉያ እያስለቀቀ አራተኛውን እዚያው ይጫወታል። ኖታው ላይ ክፍሎቹ በደቂቃና በሴኮንድ ስለተለዩ ሰዓት እያየ ይሸጋገራል።

ግራ የሚያጋባው ኢስትማን «ኦርጋኒክ» ያለው የአደራረስ ደንብ ነው፦ አዲሱ ክፍል የቀደመውን እንደያዘ ይጨምርበታል፤ አሮጌው ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ኢስትማን ጥቁር አሜሪካዊና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀም። ሙዚቃው መሐል የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው የማርቲን ሉተር መዝሙር ብቅ ይላል፤ ለእኔ ከርዕሱ ይልቅ ድፍረቱ እዚህ ጋ ነው። ከቤቱ ሲባረር ብዙ ኖታው ጠፋ። አንዳንድ ሥራዎቹን ሙዚቀኞች ከአሮጌ ቅጂ እያዳመጡ መልሰው ጽፈዋቸዋል።