ገንፎ ልንበላ ሄደን የሰማናቸው የተሳሳቱ ወሬዎች፦ ጣት እንዴት ይፈጠራል?

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጎረቤታችን ወለደችና ገንፎ ልንበላ ሄድን። ሕፃኗ ከትንሿ ጣቷ ጎን ሽንብራ የምታክል ስድስተኛ ጣት አለቻት። ወሬው እዚያው ተጀመረ።

«እናቷ በእርግዝናዋ ያየችው ነገር ነው»

እንዲህ ያሉት አንዲት እማማ ናቸው። አክብሬያቸው ዝም አልኩ እንጂ ልክ አይደሉም። ማየት ጣት አይጨምርም። የሚዋጥ መድኃኒት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ታሊዶማይድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ እንዲወለዱ አድርጓል።

«ጣት እንደ ቅርንጫፍ ያቆጠቁጣል»

እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በ6ኛው ሳምንት ገደማ የፅንሱ እጅ እንደ ላይዳ ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ያሉት ሴሎች በትእዛዝ ይሞታሉ። 8ኛው ሳምንት ላይ ጣቶቹ ተለያይተዋል። ዳክዬ ጋ ይህን የሞት ትእዛዝ የሚያግድ ፕሮቲን አለ፤ ለዚህ ነው እግሯ በቆዳ የተያያዘው። የዶሮዋ ግን ተለያይቷል።

«ለየጣቱ የራሱ ጂን አለው»

ይሄ የተማረውም የሚስተው ነው። ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል አንድ ጂን አለ (አዎ፣ በቪዲዮ ጌሙ ገጸ ባሕርይ ስም ነው)። የሚበራው በትንሿ ጣት በኩል ነው። አንዱን ጣት ከሌላው የተለየ የሚያደርገው ጂኑ የሚያስተላልፈው መልእክት ብዛትና ቆይታ ነው። አውራ ጣት ያለ እሱም ይፈጠራል።

የሚገርመው ጂኑን የሚያበራው የዲኤንኤ ክፍል፣ ማለትም ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ከጂኑ 1 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል ይርቃል! ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ያለውን ጠመዝማዛ የሐረጎ መንገድ አስቡት። በመንገዱ ሩቅ የሆነው የታችኛው ኩርባ፣ ከላይ ሆናችሁ ብትጣሩ የሚሰማ ይመስላል። ዲኤንኤም እንዲሁ ሲታጠፍ ሩቁ ማብሪያ ጂኑ አጠገብ ይደርሳል። ማብሪያው ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር ጂኑ በአውራ ጣት በኩልም ሊበራ ይችላል። ያኔ በዚያ በኩል ትርፍ ጣት ይወጣል። ጂኑ ራሱ ግን ምንም አልሆነም።

«እባብ የእግር ጂን የለውም»

አለው እንጂ! ያው ሶኒክ ሄጅሆግ ነው፤ አንጎሉ ሲፈጠርም ያስፈልገዋል። የተበላሸው የእግሩ ማብሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች የአይጥን ማብሪያ በእባብ ማብሪያ ሲተኩት፣ አይጦቹ እግራቸው ጉቶ ሆኖ ተወለዱ።

እንደ ሕፃኗ በትንሿ ጣት በኩል የሚወጣው ትርፍ ጣት ግን ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ ነው። ይህን ስናገር አባትየው ሳቅ ብሎ ግራ እጁን ዘረጋ። ከትንሿ ጣቱ ጎን ጠባሳ አለች። «እኔንም በክር አስረው ነው የጣሉልኝ» አለ። እማማ ክር ፍለጋ ብድግ ሲሉ ተሯሩጬ ያዝኳቸው፤ ውስጧ አጥንት ወይም ነርቭ ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ይያት።