የወገብ ኤግዞስኬሌተን ምንድን ነው? እባካችሁ ቀበቶውን ለዩት

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ የሰፊ ላስቲክ ቀበቶ ፎቶ ለጥፎ "ኤግዞስኬሌተን፣ ዲስክ መንሸራተትን ያለ ኦፕራሲዮን የሚያድን" ብሎ ጽፎበታል፣ ከስሩ ሰው ሁሉ "የት ይገኛል?" እያለ ነው። አንድ መስመር ውስጥ ሁለት ስህተት። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ አልቻልኩም።

የመጀመሪያውን፣ ቀበቶውን ኤግዞስኬሌተን ማለቱን፣ ቶሎ እንጨርሰው። ጎንበስ ስትሉ ከወገብ በላይ ያለው ሰውነታችሁ ወደፊት መውደቅ ነው የሚፈልገው፣ የሚይዙት ከአከርካሪው ኋላ ያሉ ጡንቻዎች ናቸው፣ ግን እነሱ ከዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ካለው ለስላሳ ትራስ) መሃል ያላቸው ርቀት 5 ወይ 6 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፣ እጃችሁ ላይ ያለው እቃ ደግሞ 40 ወይ 50 ሴንቲሜትር ወደፊት ርቋል፣ ስለዚህ ጡንቻው የእቃውን ክብደት ሰባት ስምንት እጥፍ መሳብ አለበት፣ የራሳችሁ ደረትና ጭንቅላት ሳይቆጠር ማለት ነው፣ በሳበ ቁጥርም ዲስኩ ይጨመቃል። ኤግዞስኬሌተን የሚባለው ይሄን የመሳብ ስራ ከጡንቻው ጋር የሚጋራ ልብስ መሰል መሳሪያ ነው። አብዛኛው ከደረት ወይ ከትከሻ ተነስቶ ጭን ድረስ ይዘረጋል። እንደ ሌቮና ሂሮዌር ያሉት ፓሲቭ ናቸው፣ ስፕሪንግ ወይ ላስቲክ ብቻ፣ ባትሪ የለም። ክሬይ ኤክስ የሚባለው የጀርመን ስሪት ሞተር አለው፣ የጃፓኑ ሃል ደግሞ የጡንቻን የኤሌክትሪክ ሲግናል ከቆዳ ላይ እያነበበ ነው የሚያግዘው። ቀበቶ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። ሆድ ይጨምቃል፣ ብዙ እንዳትጎነበሱ ያስታውሳል፣ ትንሽ ያሞቃል፣ በቃ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሁለተኛው ነው፣ "ያድናል" የሚለው።

ራሱን የሚዘጋ በር አስቡ፣ ስፕሪንግ ያለው። ስትከፍቱት ስፕሪንጉን ትለጥጣላችሁ፣ ሲዘጋ ያንኑ ጉልበት ይመልሳል። ፓሲቭ ኤግዞስኬሌተን ይሄው ነው፣ ስትጎነበሱ ይለጠጣል፣ ቀና ስትሉ ይስባችኋል። በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ብታቆሙትም ስፕሪንጉ መሳቡን አይተውም፣ ለዚህ ነው ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ ለሚሰራ ሰው ጥሩ የሚሆነው። ስፕሪንጉ ግን የሆነ ቦታ ላይ መታሰር አለበት፣ ከወገብ የተነሳው ጭነት አልጠፋም፣ ደረትና ጭን ላይ ሄዷል፣ የለበሱ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት እዛው ላይ ነው። በሩ ዝግ ሲሆን ደግሞ ስፕሪንጉ ስራ የለውም፣ ስለዚህ ህመማችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ወይ ስትተኙ ከሆነ የሚያግዛችሁ ነገር የለም። ማጠፊያው ዝጎ ሲጮህስ? ስፕሪንግ ዘይት አይቀባም። (ምሳሌውን እዚህ ላቁመው፣ የሰው ህመም ከዝገት በጣም የተወሳሰበ ነው፣ ነርቭ አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ፍርሃት አለ።)

ማስታወቂያ ላይ የምታዩት "እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል" የሚለው ቁጥር እውነት ነው፣ ውሸት አላልኩም። በ2016 የወጣ አንድ ትልቅ ዳሰሳ ፓሲቭ መሳሪያዎች የጀርባ ጡንቻን እንቅስቃሴ ከ10 እስከ 40 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። የቀነሰው ግን የጡንቻ ስራ ነው፣ ህመም አይደለም! ያውም የተለካው ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ነው፣ ኤሌክትሮዱ የላይኛውን ጡንቻ እንጂ የውስጠኛውን በደንብ አያይም፣ እንደገና ደግሞ ከእነዚህ ሙከራዎች ብዙዎቹ የተሰሩት ላብራቶሪ ውስጥ፣ ወገባቸውን በማያማቸው ወጣቶች ላይ ነው። ከዛ ተነስቶ "ወገብህን ያድናል" ማለት ከየት መጣ?

"ዲስኩ ላይ ጫና ከቀነሰ ህመሙም ይቀንሳል፣ ሎጂክ ነው" የሚል አለ። ሎጂክ ይመስላል። ነገር ግን ምንም ህመም የሌላቸውን ሰዎች ኤምአርአይ ብታነሱ በ20 ዓመታቸው 30 በመቶ ያህሉ፣ በ80 ዓመታቸው ደግሞ 84 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው ያበጠ ነው። ከወገብ ህመም ወደ 90 በመቶ የሚሆነው ይሄ ነው ተብሎ በጣት የሚጠቆም አንድ ምክንያት የለውም። ወጥቶ ነርቭ የነካ ዲስክም ቢሆን ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይሟሽሻል፣ ማንም ቀበቶ ገፍቶ አይመልሰውም።

"እኔ ግን አስሬ በሁለት ሳምንት ዳንኩ" የምትሉ፣ እንኳን ዳናችሁ። ድንገት የያዘ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፣ ቢታሰርም ባይታሰርም። ቀበቶ ለመከላከል ይረዳ እንደሆነ አሜሪካ ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ እቃ በሚያነሱ የሱቅ ሰራተኞች ላይ ተጠንቶ በ2000 ውጤቱ ወጥቷል፣ በሚያስሩትና በማያስሩት መሃል ልዩነት አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለቆየ የወገብ ህመም ባወጣው መመሪያ ቀበቶና ድጋፍን እንደ መደበኛ ህክምና አትጠቀሙ ካላቸው ውስጥ ነው ያስገባቸው።

በተቃራኒው "ቀበቶ ጡንቻህን ያሟሟዋል" የሚሉትም ይረጋጉ፣ ለአጭር ጊዜ ማሰር ጡንቻ እንደሚያደክም በደንብ አልታየም። አጥንት ለተሰበረበት ወይ ኦፕራሲዮን ለተደረገ ሰው ሐኪም የሚያዘው ጠንካራ ድጋፍ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ይሄን አንብባችሁ እንዳታወልቁት።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር፦ ከወገብ ህመም ጋር ሽንት እምቢ ካለ ወይ መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየዛለ ከሄደ፣ የትኛውንም ቀበቶ ወይ ስፕሪንግ ተዉትና ያንኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ኤግዞስኬሌተኑን መግዛት ካሰባችሁ ከመሳሪያው ክብደት በፊት ስራችሁን እዩ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ነው? ከሆነ ለብሳችሁ የራሳችሁን ስራ ሞክሩበት፣ አምስት ደቂቃ ሳይሆን ቢያንስ ግማሽ ቀን። ደረጃ ውጡበት፣ ተቀመጡበት፣ ሽንት ቤትም ግቡበት፣ ብዙ ሰው የሚያወልቀው እዛ ጋር ነውና። ስራችሁ ወንበር ላይ ከሆነ ብራችሁን አስቀምጡ።