ሳንባ ሲቀየር የሰመመን ባለሙያው ሥራ

የሳንባ ንቅለ ተከላ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ቀዶ ሐኪሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሚሲሲፒ ውስጥ ጀምስ ሃርዲ የመጀመሪያውን ሠሩ፤ ታካሚው 18 ቀን ኖረ። በ1983 ደግሞ ቶሮንቶ ላይ በጆኤል ኩፐር የተመራው ቡድን ተሳካለት፣ የእነሱ ታካሚ ለዓመታት ቆየ። ከራስጌ ሆኖ ያን ሁሉ ሰዓት ነፍስ ስለሚጠብቀው የሰመመን ባለሙያ ግን ብዙም አይወራም።

ጭንቁ የሚጀምረው ገና ሲያስተኛው ነው። ታካሚው በጀርባው መጋደም እንኳ ስለሚያቅተው ቀና እንዳለ ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ የደም ግፊቱን በየምቱ የሚያሳየው ቀጭን ቱቦም ብዙ ጊዜ ገና ነቅቶ ሳለ አንጓው ላይ ይገባለታል። ማረጋጊያ መድኃኒት ትንሽ ከበዛ ያቺኑ ያለችውን ትንፋሽ ይወስዳታል።

ከዚያ ባለሁለት ቀዳዳ ቱቦ በጉሮሮው ይገባና ቦታውን መያዙ በቀጭን ካሜራ ይታያል፤ አንዱ ሳንባ ሲተነፍስ ሌላው እንዲያርፍ ነው። ሳንባው አየር አስገብቶ ማስወጣት ለሚያቅተው ሰው ይህ አደገኛ ነው። አየሩ ደረት ውስጥ ይጠራቀምና ልብን ያፍናል፣ የደም ግፊቱ ዝቅ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቱቦውን ከማሽኑ ለአፍታ ነቅሎ አየሩን ማስወጣት።

አሮጌውን ሳንባ ለማውጣት ደም ወሳጁ ሲቆነጠጥ የቀኝ ልብ ደሙን ሁሉ በአንድ በታመመ ሳንባ መግፋት ይጠበቅበታል። ባለሙያው በጉሮሮ በገባ አልትራሳውንድ ልቡን እያየ የሳንባን የደም ሥሮች የሚያሰፋውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያስተነፍሰዋል። ካልሆነ ደሙን ከሰውነት ውጭ ኦክስጅን የሚሰጠው ኤክሞ የተባለው ማሽን ይገባል።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ግን መቆንጠጫው የሚለቀቅበት ሰዓት ነው። በበረዶ የመጣው ሳንባ ደም ሲያገኝ የደም ግፊት በአንዴ ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያሉ ነው የሚለቁት። ኦክስጅኑ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰጥም፣ አየሩ የሚለካው በለጋሹ የሰውነት መጠን ነው፣ ፈሳሽም ይቆጠባል። ይህ ሁሉ አዲሱ ሳንባ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውሃ እንዳይቋጥር ነው።

ሕመም ማስታገሻውም ሥራው ነው። የተተከለው ሳንባ ነርቮቹ ስለተቆረጡ አክታ ቢጠራቀምበት ሳል አይቀሰቅስም፤ ታካሚው አስቦ መሳል አለበት፣ ደረቱ እያመመው ደግሞ አይስልም።