«ኮንትራት ይዘናል እኮ!»፦ ስለ ሐዋሳ ጀልባ የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

ቅዳሜና እሑድ ሐዋሳ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር ትንሽ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ይችን ንግግር ሳይሰማ አይመለስም፦ «ኮንትራት ይዘናል እኮ!» ባለጀልባው «ሁለት ሰው ይቀነስ» ሲል መልሱ ይህ ነው። «ይቀመጡልኝ እናቴ» ሲልም ይህ ነው። ነፋሱ ሳይበረታ እንመለስ ብሎ ሲለምንም ያው ነው። ጀልባ በኮንትራት የሚይዝ ሰው የሚያገኘው ነገር ቢኖር ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አለመጫንና መነሻ ሰዓቱን መምረጥ ነው። ጀልባው የሚችለው ክብደት በክፍያው አይጨምርም። እንዲህ ሆኖ ሳለ በበዓል ሰሞን ዐሥራ አንድ ሰው፣ ሦስት ፌስታል ምግብና አንድ ካሳ ለስላሳ ይዞ በአምስት ሜትር ጀልባ ፊት ቆሞ የሚከራከር አይጠፋም።

«መቀመጫው ላይ ከተጠጋጋን እንበቃለን»

ጀልባ ሚኒባስ አይደለም። መቀመጫው ጣውላ ስለሆነ ስድስትም ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥበታል፤ የሚጫነውን ብዛት የሚወስነው ግን የጀልባው ርዝመትና ስፋት ነው። ለትንንሽ ጀልባዎች፣ እስከ 6 ሜትር ላሉት፣ የሚሠራ ቀላል ስሌት አለ። ርዝመቱን በስፋቱ በሜትር አባዙ፣ ያገኛችሁትን በ0.7 አባዙ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ጣሉት። 5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ጀልባ 5 ሰው ይይዛል። 6 ሜትር በ1.8 የሆነው 7 ይይዛል። ቁጥሩ ነጂውንም ይጨምራል፤ አንድ ሰው የተባለውም 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህም የሚሠራው ውሃው ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው። ማዕበል ካለ ከዚያም ይቀነሳል። «ሁለት ልጅ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል» የሚባለው በክብደት ቢያስኬድ እንኳ በላይፍ ጃኬት አያስኬድም፤ እያንዳንዱ ራስ የራሱን ይፈልጋል።

ሜትር ይዞ የሚሄድ የለም ካላችሁ በዓይን የሚታይ መለኪያ አለ። ሁሉም ከተሳፈረ በኋላ ከውሃው ወለል እስከ ጀልባው ጠርዝ ድረስ ያለውን ከፍታ፣ ዝቅ ባለው በኩል፣ ተመልከቱ። ከስንዝር ተኩል ካነሰ ሰው ይውረድ። ሌላ ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ የሚተወው ማዕበል ብቻውን ጠርዙን አልፎ ይገባል።

የገባው ውሃ ደግሞ ጫማ አርሶ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። ወለሉ 4 ሜትር በ1.2 ሜትር በሆነ ጀልባ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ማለት 240 ሊትር፣ ማለትም 240 ኪሎ ነው። ሳታውቁት ሦስት ሰው ተኩል ጫናችሁ ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ይህ ጭነት አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። ጀልባው ወደ ግራ ትንሽ ሲያዘነብል ውሃው ሁሉ ወደ ግራ ይሄድና ያጋድለዋል፤ ያጋደለው ጠርዝ ተጨማሪ ውሃ ያስገባል። ስለዚህ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም ባልዲ የሌለበት ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፤ ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ ሳትጠብቁም ቅዱ።

«የሚገለበጠው በማዕበል ነው፣ ጸጥ ሲል ምን ይሆናል?»

የሚሆነውማ ፎቶ ነው። አንዱ «ጉማሬ! ጉማሬ!» ብሎ ይጮኻል፣ ስድስቱም ስልካቸውን ይዘው በአንድ ጎን ይነሣሉ። የተቀመጠ ሰው ክብደቱ ያረፈው ዝቅ ብሎ፣ በመቀመጫው ላይ ነው፤ ሲቆም ያ ክብደት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጀልባውም ራሱን መልሶ የማቅናት ዐቅሙ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ስድስት ሰው በ1.5 ሜትር ስፋት ውስጥ ከመሐል ወደ ጠርዝ ሲጠጋ፣ 400 ኪሎ በአንድ ጊዜ ቦታ ለወጠ ማለት ነው። ይህ ከብዙ ማዕበል ይከፋል፣ ምክንያቱም ማዕበል አልፎ ይሄዳል፣ ፎቶ አንሺ ግን እስኪጨርስ አይቀመጥም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፦ አንድ ሰው ብቻ ያነሣል፣ እሱም ተቀምጦ። ሌላው በተቀመጠበት አንገቱን ብቻ ያዙር። በሌላ በኩል ያሉትም እንዲያዩ ካስፈለገ ባለጀልባውን «አንዴ አዙርልን» በሉት፤ በደስታ ያዞረዋል። ሸራ ጣሪያ ያለው ጀልባ ከሆነ ደግሞ የጣሪያውን ብረት ይዞ መንጠልጠል ክልክል መሆን አለበት። ሸራው ጥላ ይሰጣል፣ ነገር ግን ነፋስ ይይዛል፤ ጀልባው ቢገለበጥም ላይፍ ጃኬት የለበሰ ሰው ከሥሩ ሊያዝ ይችላል። እንዲህ ካጋጠመ ወደ ላይ አትታገሉ፤ ጠርዙን ይዛችሁ ራሳችሁን ወደ ጎን ጎትቱና ከዚያ ውጡ።

አሳፋሪ ከሚመስሉ አወዳደቆች ብዙዎቹ የሚደርሱት ደግሞ መሐል ሐይቅ ሳይሆን ዳር ላይ ነው። እግር ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ጀልባው ከሥር ይሸሻል። የሚረገጠው መሐል ወለሉ ነው፤ አንድ በአንድ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱም እጅ ባዶ ሆኖ። ዕቃውን በኋላ ይቀበላሉ። ከባድ ሰው መሐል፣ ልጆች ከሱ ጎን፤ ሞተሩና ነጂው ኋላ ስላሉ ሁሉም ወደ ኋላ አይከማች። ስትመለሱም ገመዱ ሳይታሰር ማንም አይነሣ።

«ዋና ስለምችል ላይፍ ጃኬት አልፈልግም»

በመዋኛ ገንዳ የሚዋኝ ሰው ነጠላ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ፣ ልጅ አቅፎ አይዋኝም። በበዓል ቀን የሀገር ልብስ ለብሶ የሚሳፈር ሰው ውሃ ውስጥ ቢገባ መጀመሪያ እግሩን የሚይዘው የገዛ ልብሱ ነው። ራሱን የተመታ ሰው ደግሞ ዋና ቢችልም ባይችልም አንድ ነው።

ላይፍ ጃኬቱን መልበስ ብቻም አይበቃም። ሁሉንም ማሰሪያ ካሰራችሁ በኋላ ሌላ ሰው ከትከሻችሁ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ እስከ ጆሯችሁ ከወጣ ላልቷል። የውስጡን ስፖንጅ በጣት ጨመቅ አድርጉት፤ ተጨምቆ የሚቀር፣ ወይም ውሃ ጠጥቶ የከበደ ከሆነ ሌላ ጠይቁ። (እንዲህ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ ተሳፋሪው ትራስ አድርጎ ስለሚቀመጥበት ነው። አትቀመጡበት።) ለልጅ የአዋቂ ጃኬት ማልበስ ካለማልበስ ብዙም አይሻልም፤ ልጁ ወደ ታች ሾልኮ ይወጣል። ውስጡ ላይ የተጻፈውን ኪሎ አንብቡ፣ በእግሮቹ መሐል የምታልፍ ማሰሪያ ያለውን ምረጡ። ከጀልባው ከወደቃችሁ ደግሞ የተገለበጠውን ጀልባ ጥላችሁ ወደ ዳር አትዋኙ። ዳሩ ከውሃ ላይ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል።

«ሐይቁ ሰው ይስባል»

አይስብም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ20 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከሥሩም የሚጎትት ነገር የለም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ «የት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ይመስላል ወሬውን የወለደው። ሰው የሚሰጥመው በድካም፣ በመጠጥ፣ በጭቃና በሣር ነው።

«ከሰዓት ፀሐይዋ ስትበርድ ይሻላል»

ለፎቶ ምናልባት። ለጀልባ የሚሻለው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ የብሱና ውሃው እኩል ስለማይሞቁ ነፋስ ይነሣል፣ ብዙ ጊዜም ከሰዓት ይበረታል። ማዕበል ደግሞ የሚያድገው ነፋሱ በውሃው ላይ በተጓዘው ርቀት ልክ ነው። ሐይቁ በረጅሙ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከነፋስ በተከለለ ዳር ቆሞ «ጸጥ ብሏል» የሚል ሰው መሐል ሲደርስ ሌላ ነገር ያገኛል። ነፋስ መሐል ላይ ከያዛችሁ ነጂው ማዕበሉን በሰያፍ፣ ቀስ ብሎ እንዲቆርጠው ተዉት። «ቶሎ በል» ማለት የጀልባው አፍንጫ ማዕበል ውስጥ እንዲሰካ መገፋፋት ነው። ተሳፋሪው ከመቀመጫ ወርዶ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ ልብስ ይቆሽሽ።

«ጉማሬ ሣር በል ነው፣ ሞተሩ ከጠፋ አይነካም»

ሣር መብላቱ እውነት ነው፤ ማታ ማታ ወጥቶ ይግጣል፣ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል። ሰውን የሚያጠቃው ሊበላው ሳይሆን ቦታውንና ግልገሉን ሊጠብቅ ነው። አፉን ሲከፍት «አዛጋ» ብለው የሚስቁ አሉ፤ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው። አምስት ደቂቃ ያህል ሳይተነፍስ ከሥር መቆየት ስለሚችል፣ የጠፋው ጉማሬ ሄዷል ማለት አይደለም፤ ከጀልባው ሥር ሊወጣም ይችላል።

ሞተሩን ማጥፋት ጨዋነት ይመስላል፣ ግን ስሕተት ነው። ሞተር የጠፋበት ጀልባ ነፋስ በገፋው ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ወደ ጉማሬዎቹ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩም በመጀመሪያው ገመድ ላይነሣ ይችላል። ትክክሉ እንዲህ ነው፦ ቢያንስ 50 ሜትር መራቅ፣ ነፋሱ ከእነሱ ወደ እናንተ በሚነፍስበት ጎን መቆም፣ ማርሹን ነጻ አድርጎ ሞተሩን በዝግታ ማሠራት። በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መሐል አትግቡ፣ በፊላው በኩልም መውጫውን አትዝጉበት። ባለጀልባው «እዚህ ይበቃናል» ካለ ጉርሻ ጨምሮ ማግባባት ለነጂው ፈተና መስጠት ነው።

አዞ ለማየት የመጣ ደግሞ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይቀጥል።

«ሞተሩ ውሃ ያፈሳል!»

ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የሚወረወረው ውሃ መፍሰስ ያለበት ውሃ ነው። ሞተሩ የሐይቁን ውሃ እየሳበ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ያቺ ቀጭን ውሃ መዞሩን ታሳያለች። መፍራት ያለባችሁ ስትቆም ነው፤ ሣር ወይም ፌስታል መሳቢያውን ደፍኖታል። ሞተሩ ቶሎ ካልጠፋ ይነድዳል።

ጠዋት ላይ ሌላው ጣጣ መረብ ነው። አስጋሪዎች ማታ የጣሉትን የሚያነሡት ጠዋት ሲሆን፣ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ተንሳፋፊ ሃይላንድ ነው። በሁለት ሃይላንድ መሐል ማቋረጥ መረቡን ፕሮፔለር ላይ መጠቅለል ነው፤ የሰውየው እንጀራም አብሮ ይቀደዳል። ሞተር በድንገት ሲሞት ግን ሁልጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም፦ የቤንዚን ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ተዘግታ ትሆናለች፣ ወይም ከጀሪካን የተገዛው ቤንዚን ውሃ ይኖረዋል። ለዚህ ነው መቅዘፊያና ትርፍ ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) የሚጠየቀው። ቤንዚኑም በሦስት ይከፈል፦ አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለነፋስ።

«15 ፈረስ ጉልበት ስለሆነ ይጎትተናል» የሚሉም አሉ። ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ሐዋሳ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 15ቱ ፈረስ 12 ተኩል ገደማ ይሆናል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በሚቀላቀልበት ቱ ስትሮክ ሞተር ላይ «እንዳይጎዳ» ብሎ ዘይት ማብዛትም አይረዳም፤ ካንዴላ ያጨማልቃል። አብዛኞቹ በ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ይበቃቸዋል፤ ፎር ስትሮክ ከሆነ ዘይቱ ለብቻው ነው፣ አይቀላቀልም።

«ባዶ ሆድ ከሆንኩ አያጥወለውለኝም»

ይብሳል። ቀለል ያለ ነገር ብሉ፣ መሐል ተቀመጡ፣ ስልክ ላይ አታፍጥጡ፣ ሩቅ ታቦር ተራራን ተመልከቱ።

«ነፋሻ ስለሆነ ፀሐይ አይመታም»

ይመታል፤ ነፋሱ ማቃጠሉን ይደብቃል፣ ውሃውም ከታች ይመልሰዋል። ባርኔጣው አገጭ ሥር የሚታሰር ይሁን፣ አለዚያ ሲወድቅ ለመያዝ የሚነሣ ሰው ይኖራል።

«ቢልሃርዝያ የሚይዘው የሚዋኝን ሰው ነው»

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ ለዚህ ደግሞ መዋኘት አያስፈልግም። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ነው፣ ማለትም ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ጀልባ ለመሳፈር በባዶ እግሩ በሚገባበት ቦታ። ተውሳኩ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ያልፋል፤ በፎጣ መድረቅን መተማመኛ ማድረግ አይቻልም። መሐል ሐይቅ ላይ የሚረጨው ጥቂት ውሃ ያን ያህል አያሳስብም። ስለዚህ መሳፈሪያ ጣውላ ባለበት ተሳፈሩ፣ ከሌለ ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ልጆቹን ዳር ላይ «ትንሽ ይንቦጫረቁ» ብላችሁ አትልቀቁ። እግራችሁ ገብቶ ከነበረ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ፤ ቀድሞ የተደረገ ምርመራ ላያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ የሚወሰደውም በኪሎ ተሰልቶ በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ጠቡ ሁሉ የሚነሣው «በሰው ነው ወይስ በጀልባ?» የሚለው ሳይጠየቅ ስለሚቀር ነው። ይህን፣ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ እንደሆነ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርዳችሁ ዓሣ ስትበሉ የሚጠብቀው ጊዜ ይታሰብ እንደሆነ፣ በነፋስ ምክንያት ቀድማችሁ ብትመለሱ ስንት እንደሚከፈል፣ እግራችሁ መሬት ላይ ሳለ ተነጋገሩ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ለሙሉ ሰዓቱ ካልሆነ አልከፈልም የሚል ደንበኛ የያዘ ነጂ ነፋስ እያየም አይመለስም።