ክላትሪን ምንድን ነው?

ሴል ብረት፣ ኮሌስትሮልና ሆርሞን ከውጭ የሚያስገባው ሽፋኑን ወደ ውስጥ አጎድጉዶ፣ ጉድጓዱን ከረጢት አድርጎ በመቁረጥ ነው። ሂደቱ ኢንዶሳይቶሲስ ይባላል። ከረጢቱን ከሚያለብሱት ፕሮቲኖች ዋነኛው ክላትሪን ነው። በ1964 ሮት እና ፖርተር የትንኝ እንቁላል የአስኳል ፕሮቲን ሲውጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው፣ ጉድጓዶቹ ጸጉር መሳይ ነገር እንደለበሱ አሳዩ። በ1976 ባርባራ ፒርስ ካምብሪጅ ውስጥ ያንን ልብስ ከአሳማ አንጎል ለይታ አወጣችው፤ ስሙንም ያወጣችለት እሷ ናት።

የክላትሪን ሞለኪውል ሦስት እግር አለው። እግሮቹ እርስ በርስ ሲጠላለፉ፣ እንደ እግር ኳስ ቆዳ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ቅርጾች ተጋጥመው ከረጢቱን ዙሪያውን ይይዙታል።

የሚገርመው ግን ክላትሪን ራሱ ጭነቱን አይነካም። የሚገባውን የሚመርጠው ኤፒ2 የተባለ አገናኝ ፕሮቲን ነው። ኤፒ2 በአንድ በኩል የሽፋኑን ቅባት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጭነቱን ከሚይዙት ተቀባይ ፕሮቲኖች ጭራ ላይ ያለ አጭር ምልክት ይይዛል፤ ክላትሪንንም ወደዚያ ይጠራል። ምልክቱ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ብራውን እና ጎልድስታይን ደሙ በኮሌስትሮል በተሞላ አንድ ታካሚ ላይ አይተውታል። የታካሚው ሴሎች ኮሌስትሮል ተሸካሚውን ኤልዲኤል አጥብቀው ይይዛሉ፤ ማስገባት ግን አይችሉም። ኋላ ሲመረመር ከተቀባዩ ጭራ ላይ አንዲት ታይሮሲን በሲስቴይን ተተክታ ተገኘች። በአንዲት አሚኖ አሲድ ምክንያት ተቀባዩ ጉድጓዱ ውስጥ መሰብሰብ አቃተው! ሁለቱ ተመራማሪዎች በኮሌስትሮል ሥራቸው በ1985 ኖቤል ተሸልመዋል።

የጉድጓዱን አንገት ዳይናሚን የተባለ ፕሮቲን ተጠምጥሞ ይቆርጠዋል። ዳይናሚናቸው ሙቀት የማይችል የፍራፍሬ ዝንቦች ሙቀቱ ከፍ ሲልባቸው ወዲያው ሽባ ይሆናሉ፤ ነርቮቻቸው መልእክት የሚለቁባቸውን ከረጢቶች መልሰው መሥራት ስለማይችሉ ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ ተመልሰው ይነሳሉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመጨረሻው እርምጃ ልብሱን ማውለቅ ነው። ክላትሪን ካልወለቀ ከረጢቱ ከኢንዶሶም (የገባውን ጭነት ከሚቀበለው የሴል ክፍል) ጋር ሊዋሃድ አይችልም፤ ጭነቱም አይራገፍም። ስለዚህ ኦክሲሊን የተባለው ፕሮቲን ሌላ አጋር ጠርቶ፣ የሴል ነዳጅ በሆነው በኤቲፒ ጉልበት እግሮቹን አንድ በአንድ ያላቅቃል፤ የተፈቱት ክላትሪኖችም ለሚቀጥለው ጉድጓድ ያገለግላሉ። በነርቭ ሴሎች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ኦክሲሊን ጂኑ ሲበላሽ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምር የፓርኪንሰን ዓይነት ሕመም ያስከትላል።