የተረት ሰዓት፦ ተረት፣ መዝሙርና የእጅ ሥራ ለትንንሽ ልጆችና ለቤተሰብ

«ተረት ተረት!» ይላል ነጋሪው። «የላም በረት!» ይመልሳሉ ልጆቹ። ተረቱ ሲያልቅ ነጋሪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይዘጋል። ይህቺ መዝጊያ ቀላል አይደለችም። ተረት የሰማ ልጅ ባለ ዕዳ ነው ትላለች። ተራው ሲደርስ እሱም ይናገራል።

የተረት ሰዓት የሚባለው ዝግጅት ይህንኑ በቀጠሮ የሚያደርግ ነው። ቦታው ቤተ መጻሕፍት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የማኅበር አዳራሽ ወይም የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ሊሆን ይችላል። ትንንሽ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ለዕለቱ በተመረጠ አንድ ርዕስ ላይ ሁለት ሦስት ታሪክ ይሰማሉ። በመሃል ይዘምራሉ፣ ይጫወታሉ። መጨረሻ ላይ ከርዕሱ ጋር የሚሄድ ነገር በእጃቸው ሠርተው ይዘው ይሄዳሉ።

በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚደረገው ዓይነት ሥር የሰደደው አሜሪካ ውስጥ ነው። የፒትስበርግ ካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የልጆች ተረት ሰዓት ካስለመዱት ቀደምቶች አንዱ ነው። በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ አን ካሮል ሙር እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ የልጆችን ክፍል ስትመራ ተረት መናገርን የሙያው ዋና አካል አደረገችው። ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበን ግን ፑራ ቤልፕሬ ናት። ፑራ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ናት። በዚያው ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1921፣ በሃርለም ቅርንጫፍ ነው። መደርደሪያው ላይ የአገሯን ተረት አጣች። ስለዚህ ከአያቷ የሰማችውን ይዛ ልጆቹ ፊት ቀረበች። በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም ተረከች። አሻንጉሊት እየሠራች ተረቱን በአሻንጉሊት ታሳይ ነበር። ቋንቋ፣ ተረትና የእጅ ሥራ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሄዱ ማየት የሚፈልግ ሰው ከእሷ ይጀምር።

ከዚያ በኋላ ዝግጅቱ እየሰፋ ጨቅላ ሕፃናትንም አቀፈ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመሩትና በ2011 ያሻሻሉት አንድ መርሐ ግብር ደግሞ ትኩረቱን ወደ ወላጆች አዞረ። ልጅን ለንባብ የሚያዘጋጁት አምስት ነገሮች ናቸው ይላል፤ ማውራት፣ መዘመር፣ ማንበብ፣ መጻፍና መጫወት። የእጅ ሥራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከለር የጨበጠች፣ ወረቀት የቀደደች፣ ሊጥ ያድቦለቦለች ጣት ነገ እርሳስ ስትይዝ አትቸገርም።

በእኛ አገር ተረት የማታ ነገር ነበር። እሳት ዳር፣ እራት እስኪደርስ፣ ከአያት አፍ። በቴሌቪዥን ዘመን ይህን ሥራ የተረከቡት ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው። ለ42 ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ተናግረዋል። ያረፉት በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ሁልጊዜ ያው ሰላምታ፣ ሁልጊዜ ያው ሞቅ ያለ ድምፅ። የተረት ሰዓት አዘጋጆች ሳይለወጥ በየሳምንቱ የሚደገም መክፈቻ ይኑራችሁ የሚባሉት ለዚህ ነው። ልጁ ሰላምታዋን ሲሰማ አሁን ተረት ሊመጣ ነው ብሎ ይረጋጋል።

በቤተ መጻሕፍት በኩል የአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ስም ይነሳል። በሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። ከዚያ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በ2005 ደግሞ ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። መጽሐፍ የጫነ ጋሪ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ሲሄድ አስቡት።

ወደ ዝግጅቱ እንግባ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ርዕስ ይመርጣል፣ ከዚያ ተረት ይፈልጋል። እኔ ተቃራኒውን እመርጣለሁ። መጀመሪያ አንድ የሚወዱትን ተረት ይያዙ። ነጋሪው ራሱ ያልወደደውን ተረት ልጆች አይሰሙትም። ርዕሱ ከተረቱ ውስጥ ይወጣል። ለምሳሌ «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የምትለውን ሁሉም ያውቃታል። ተረትና ምሳሌዋን ወደ ታሪክ ዘርጉት። ጅቡ በአገሩ ቁርበት እንደሚበላ ስለሚታወቅ ማንም አያምነውም። ስለዚህ ሩቅ አገር ሄዶ እንደ ጨዋ እንግዳ ቁርበት ይነጠፍልኝ ይላል። ሌሊት ምን እንደሚሆን ልጆቹ ራሳቸው ይገምቱ። የዕለቱ ርዕስ «አያ ጅቦ» ሆነ ማለት ነው።

መክፈቻው የስም ሰላምታ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ ስም በዜማ ይጠራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ቀጥሎ የጅቡ ተረት ያለ መጽሐፍ፣ በቃል። ረጅሙና ከባዱ ታሪክ መጀመሪያ ይምጣ፤ ልጆቹ ያልደከሙት ያኔ ነው። ወለሉ ላይ ቁራጭ ቁርበት ወይም ቡናማ ጨርቅ ቢነጠፍ ተረቱ ዓይን ያገኛል። ከዚያ መነሳት ያስፈልጋል። አኩኩሉ ይጫወቱ። «አኩኩሉ!» «አልነጋም!» ጅብ ሌሊት የሚወጣ ነውና ጨዋታውም ከተረቱ አይወጣም። ከጨዋታው በኋላ ስለ ሌሊት ወይም ስለ እንስሳት አጭር የሥዕል መጽሐፍ ይነበባል። መጽሐፉ በጎን ተይዞ ሥዕሉ ወደ ልጆቹ ይዙር። በየገጹ «ይሄ ምንድን ነው? አሁን ምን ሊያደርግ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙዎቻችን «ጅብ መጣልህ» እየተባልን ነው ያደግነው። የሦስት ዓመት ልጅ ይህን ፍርሃት ይዞ ሊመጣ ይችላል። የተረት ሰዓቱ ጅብ ሆዳምና ሞኝ ይሁን እንጂ ልጅ የሚበላ አይሁን። ሐረር ውስጥ ሰዎች ማታ ማታ ጅብ በእጃቸው እንደሚያበሉ መንገርም ይረዳል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይፈጥጣል፣ ፍርሃቱም ወደ ጉጉት ይለወጣል።

አሁን የእጅ ሥራው። ለአያ ጅቦ የሚስማማው የወረቀት ከረጢት አሻንጉሊት ነው። የከረጢቱ ታች እጥፋት አፍ ይሆናል። ልጁ እጁን ሲያስገባ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጆሮዎቹ አስቀድመው ተቆርጠው ይቅረቡ፤ ልጆቹ በኮላ ይለጥፏቸው። የጅቡን ነጠብጣብ በጣታቸው ይሥሩ። ጣት ቀለም ውስጥ ይገባል፣ ከረጢቱ ላይ ያርፋል፣ አለቀ። የሁለት ዓመቱም የስድስት ዓመቱም ልጅ ይችለዋል። አሻንጉሊቱ ደግሞ አፍ ስላለው ይናገራል። ልጁ ቤት ሄዶ ተረቱን የሚመልሰው በዚህ አፍ ነው።

ለእኔ የእጅ ሥራ መለኪያው ይህ ነው፤ ልጁ ይዞት ሲሄድ ተረቱን እንዲናገር ያደርገዋል ወይ? የሚያምር፣ ግን ከተረቱ ጋር የማይገናኝ ጌጥ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ይቀራል። ወላጅ የሠራው እንከን የለሽ ጅብም አይጠቅምም። ጆሮው ከአገጩ ሥር የተለጠፈ ጅብ የልጁ ጅብ ነው። አስተካክለን እንለጥፍልህ ማለት አያስፈልግም። ናሙና ማሳየት ጥሩ ነው፤ ካሳዩ በኋላ ግን ከፊታቸው ቢነሳ ይሻላል። አለበለዚያ ሁሉም እሱን መቅዳት ይጀምራሉ።

ዕቃው ውድ መሆን የለበትም። የእንቁላል ካርቶን፣ አሮጌ ካልሲ፣ ጥጥ፣ ክር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከተገኘም ጭቃ። ከጭቃ ከብትና ሰው መሥራት የገጠር ልጅ የኖረበት ጥበብ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ግን ባቄላ፣ ሽንብራና ዶቃ አይቅረብ፤ ወደ አፍ ይገባል፣ ያንቃል። መቀሱ ጫፈ ዱልዱም ይሁን። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ይነጠፍ። ሥራው ሳይጀመር የልጁ ስም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ በኋላ ቀለሙ ሳይደርቅ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ወላጆች የት ይቀመጡ የሚለው ቀላል ይመስላል፤ ዝግጅቱን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ግድግዳ ተደግፈው ስልክ የሚያዩ ከሆነ ልጆቹም ዞር ዞር ይላሉ። አብረው ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ፣ አብረው «የላም በረት» ይበሉ። አያት ከመጡ ደግሞ ወንበር ይሰጣቸውና አንድ ተረት ይለመኑ። «እማማ፣ እስቲ አንድ ያውጉን» ሲባሉ መጀመሪያ እምቢ ይላሉ። ከዚያ ማን ያስቆማቸዋል?

ርዕስ ለሚቸግረው የራሳችን ዘመን መቁጠሪያ የተዘጋጀ መደብ ነው። ነሐሴ ላይ ቡሄ አለ፤ ሆያ ሆዬ፣ ጅራፍ፣ ሙልሙል ዳቦ። ከገመድ ጅራፍ መግመድ ለትልልቆቹ፣ ከሊጥ ሙልሙል ማድቦልቦል ለትንንሾቹ። መስከረም ላይ እንቁጣጣሽ ይመጣል። አስቡት፣ በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ ሥለው ለጎረቤት የሚያድሉት ልማድ ራሱ የበዓል የእጅ ሥራ ነው። ሴቶቹ አበባ አየሽ ወይ ይላሉ። በተረት ሰዓቱ ሁሉም ልጆች አደይ አበባ ይሣሉ፣ ቢጫ ወረቀት ቀደው ይለጥፉ፤ ሲወጡ ደግሞ ለአንድ ለማያውቁት ትልቅ ሰው «እንኳን አደረሰዎ» ብለው ይስጡ።

በውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። በሲያትል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአማርኛ የተረት ሰዓት ተካሂዷል። እዚያው ሲያትል የተመሠረተ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ በእንግሊዝኛና በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተዘጋጁ የልጆች መጻሕፍት ያሳትማል። ልጁ ትምህርት ቤት የሚውለው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ለእሱ የ«ና ብላ» እና የ«አርፈህ ተቀመጥ» ቋንቋ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ተረት ሲሰማበት ግን የሳቅም ቋንቋ ይሆናል። አማርኛው ለደከመ ልጅ ተረቱን አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር አትተርጉሙለት፤ እንግሊዝኛውን ጠብቆ አማርኛውን መስማት ይተዋል። በእጅ፣ በፊትና በድምፅ አሳዩት፤ የምትደጋገመውን አንዲት ሐረግ አብሮ ይበል። «አንጥፉልኝ!» ብቻ ቢይዝ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። በእጅ ሥራው ላይም ፊደል ይግባ። ከ«ጅብ» ላይ «ጅ»ን በትልቁ ጽፎ ነጠብጣብ ማልበስ፣ ወይም የገዛ ስሙን የመጀመሪያ ፊደል ከካርቶን ቆርጦ ማስጌጥ ይችላል።

መዝጊያው ዳቦ ነው። አንድ ድፎ ይቆረስ፣ አለርጂ ያለበት ልጅ እንዳለ አስቀድሞ ወላጅ ይጠየቅ። ሁሉም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይበሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ከስም ሰላምታው በኋላ ቀድሞ የሚናገረው ነጋሪው ሳይሆን አሻንጉሊቱን ይዞ የመጣ ልጅ ይሁን። ጅቡ ቁርበቱን በልቶ አመመው ሊል ይችላል። ቁርበቱን ለብሶ ተኛም ሊል ይችላል። አይታረም፤ ተረቱ አሁን የእሱ ነው።