ሬዲየስ ምንድን ነው? ከዲያሜትርስ እንዴት ይገኛል?

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ነን። የእህቴ ልጅ የሂሳብ ደብተሯን ማኪያቶዬ አጠገብ ዘርግታለች። ጥያቄው «ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሳሉ» ይላል። ኮምፓሷን ልክ 10 ላይ ከፈተችና አዞረችው። እርሳሱ ከገጹ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወጣ።

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ዲያሜትር ማለት ከክቡ አንድ ጠርዝ ተነስቶ፣ መሃሉን አቋርጦ፣ ማዶ ያለው ጠርዝ የሚደርስ መስመር ነው። ሬዲየስ ደግሞ ከመሃል ተነስቶ ጠርዙ ላይ ያበቃል። ከመሃል ወደ ግራ አንድ ሬዲየስ፣ ወደ ቀኝ ሌላ ሬዲየስ አለ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ዲያሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ ዲያሜትሩን ለ2 ማካፈል ነው፣ በቃ። 10 ለ2 ሲካፈል 5። የኮምፓሱ መርፌ የሚተከለው መሃል ላይ ስለሆነ የምንከፍተው በሬዲየሱ ልክ ነው።

«ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ ሬዲየሱን አይነግሩንም?» አለችኝ።

ጥያቄዋን ወደድኩት። ከኪሴ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁ። አንበሳው አለ፣ መሃሉ ግን ምልክት የለውም። ከየት ተነስተን ሬዲየሱን እንለካለን? ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መለካት ግን ይቻላል። ማስመሪያውን ሳንቲሙ ላይ አጋድመን ቀስ እያልን አንሸራተትነው። 25 ሚሊ ሜትር፣ 26፣ 27፤ ከዚያ ተመልሶ መቀነስ ጀመረ። ትልቁ ቁጥር ዲያሜትሩ ነው፤ ክብ ውስጥ ከዲያሜትር የሚረዝም ቀጥታ መስመር የለም። ግማሹ 13.5 ሚሊ ሜትር፣ እሱ ሬዲየሱ ነው። ስትለኩ ታዲያ ጠርዙ ላይ የሚያርፈው የማስመሪያው ጫፍ ሳይሆን 0 የተጻፈበት መስመር ይሁን።

ምጣድም እንደዚሁ ነው። የምንለካው ከዳር እስከ ዳር ነው።

የክብ ስፋት ሲሰላ ግን ስህተቱ ይብሳል። ሬዲየሱ በራሱ ይባዛና እንደገና በ3.14 ይባዛል። በ5 ካሰላን 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሳናካፍል በ10 ካሰላን ደግሞ 314። እጥፍ እንኳን አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው!

ገጹን ገልብጣ ኮምፓሱን 5 ላይ ከፈተች። ክቡ ገጹ ውስጥ ገባ። ከዚያ መርፌው በተወው ቀዳዳ ላይ ማስመሪያዋን አሳልፋ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለካችው። 10።